የክር ሳቢዎች ቆጠራ

ቆጣሪዋን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም፤ ሥራዋን በትክክል የሚያውቅ ግን በጣት ይቆጠራል። «ቆጣሪ ነኝ» ስትል «ታዲያ የኛን ውሃ ምነው አበዛሽብን?» የሚላት አይጠፋም። እሷም አፏ እሳት ነው፤ «እኔ የምቆጥረው ወፍ ነው፤ አንተ ውሃህን ቆጥበህ ጠጣ!» ብላ ኩም ታደርገዋለች። ወፍ መቁጠር ደግሞ ሥራ ነው ወይ ብሎ የሚስቅም አለ። ይሳቅ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እሷ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ ጫካ ስትገባ የሚስቀው ሰው ገና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ እየሳበ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከከተማው ጫፍ ባለው ጫካ ውስጥ አሥራ ሁለት ዛፎች ግንዳቸው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ቆጣሪዋ በሳምንት ሁለት ቀን ጎህ ሳይቀድ ከአንደኛው ትጀምራለች። ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ልክ አሥር ደቂቃ ትቆማለች፤ ሲዘፍን የሰማችውን ወፍ በዓይነት በዓይነቱ መዝገቧ ላይ ታሰፍራለች፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ትሄዳለች። በአሥሩ ደቂቃ መናገር ክልክል ነው፤ ማስነጠስም ቢሆን ታስቦበት ነው። እሷ ደግሞ በቀጠራት የደን መሥሪያ ቤት ደንብ ላይ የራሷን አንድ ጨምራለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ዓይን አታላይ ነው፤ ቅጠል ሲወዛወዝ ወፍ ነው ይልሃል። ጆሮ ግን አይዋሽም» ትላለች አዲስ ለሚቀጠር ሠራተኛ ሁሉ። ስትለውም አንገቷን ቀና አድርጋ ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ላይ ወፎቹ ቁጥር ብቻ ናቸው። ስም ያወጣችላቸው እሷ ናት። ለፍላፊው አለ፤ አንዴ ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። ባለ ዋሽንቱ አለ፤ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ለመስማት የተቸገረ ሰው እንኳ ይሰማዋል። ከሁሉም የምትሳሳው ግን ለክር ሳቢ ነው። አውራ ጣት የሚያህል ወፍ ነው፤ ድምፁ ከጨርቅ ውስጥ ቀጭን ክር ሲሳብ ዓይነት ነው፣ ሲይይይ እያለ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ። የጫካው ምሥራቃዊ ክፍል በሕግ የተከለለው በእሱ ምክንያት ነው፤ ክር ሳቢ በሌላ ቦታ እምብዛም አይፈለፍልም።

እና ክር ሳቢ ጠፋ። ባንድ ቀን አይደለም። የዛሬ ስድስት ዓመት አርባ አንድ ጻፈች። በዓመቱ ሠላሳ ሦስት፣ ከዚያ አሥራ ስምንት፣ ከዚያ ሰባት። ያለፉት ሁለት ዓመታት ዜሮ። ድመቱን ረገመች፤ ለአትክልት የሚረጨውን መርዝ ረገመች፤ የእንጨት መሰንጠቂያውን ከነባለቤቱ ረገመች። መጨረሻ ላይ ንዴቷን በስምንት ገጽ አስፍራ፣ «ትናንሾቹ ወፎች ይህን ጫካ ለቀው ሄደዋል፤ በአስቸኳይ አንድ ነገር ይደረግ» ብላ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አስገባች።

ኃላፊው አንድ ነገር አደረጉ። ሪፖርቱን ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ላኩት። «ወፏ ከሄደች ቦታው ለማን ይከለላል?» አሉ። አዲሱ ሰፊ መንገድ በምሥራቁ ጫካ መሐል ለመሐል እንዲያልፍ፣ ዛፎቹም የቅዝቃዜው ወራት ሲገባ እንዲቆረጡ ሐሳብ ቀረበ፤ ስብሰባውም ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተቀጠረ። ቆጣሪዋ ይህን ስትሰማ ክው አለች። ለማዳን የጻፈችው ወረቀት መቁረጫ ሆነ። ከዚያ ድንጋጤዋ ወደ እልህ ተለወጠ። «አንድ ክር ሳቢ ላግኝ! አንድ ብቻ! አንዱን ይዤ ገብቼ ጠረጴዛቸውን ነው የምደበድበው!» አለች።

ጊዜው ግን የሚለመን አይደለም። ጫካ ዓመቱን ሙሉ አይዘፍንም። በብርዱ ወራት ወፎቹ ተደባልቀው በመንጋ እየዞሩ ምግብ ፍለጋ ነው፤ ያኔ ድምፃቸው እዚህም እዚያም ጭጭ ከማለት አያልፍም። ቀኑ መርዘም ሲጀምር ባለ ዋሽንቱ ቀድሞ ይሞክራል፤ ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ከዚያ በኋላማ ንጋቱ ገበያ ነው። ጫጩት ሲፈለፈል ነገሩ ይቀየራል፤ አባት አፉ በትል ተሞልቶ በምኑ ይዝፈን? ጫጩቶቹ በረው ከሄዱ በኋላ ደግሞ ላባቸውን ሊቀይሩ ጥቅጥቅ ያለው ውስጥ ይሸሸጋሉ። ጫካው ከመቼውም በላይ ለምልሞ፣ ከመቼውም በላይ ዱዳ የሚሆነው ያኔ ነው። ያ ዝምታ ሊጀምር አሥር ቀን ቢቀረው ነው። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው ዓመት ማንም ምንም አይቆጥርም፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሚቆጠርበት ዛፍ የለም።

እንዲህ ስትንገበገብ እግሯ ወለም አላት። ብቻዋን ጉቶና ሥር እየተሻገረች መሄድ ስላልቻለች፣ ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የታናሽ እህቷን በር ደበደበች። እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሦስት የፀጉር ማድረቂያ ባንድ ላይ እየጮኸ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የሚንሾካሾኩትን ከነቃሉ የምትለቅም ሴት ናት።

«እታለም፣ እኔ በዚህ ሰዓት የምነሳው ሰው ሲሞት ብቻ ነው» አለች እህቷ ዓይኗን እያሸች።

«ዛሬ እንዳይሞት ነው የምትነሺው። ነይ፣ ትከሻሽን ስጪኝ።»

«ወይ አበሳዬ! ለወፍ ብለሽ እኔን ገደልሽኝ።»

ጫካው ደርሰው አንደኛው ዛፍ ሥር ሲቆሙ ቆጣሪዋ ጣቷን ቀሰረች። «አፍሽን ዝጊ። አሥር ደቂቃ።»

«አሥር ደቂቃ? እኔ ተኝቼም አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ አላውቅም።»

እስከ ስድስተኛው ዛፍ ድረስ ግን እንደምንም ቻለችው። ለፍላፊ ሦስት፣ ባለ ዋሽንት አራት፣ እርግብ ሁለት ተጻፈ። ሰባተኛው ዛፍ የምሥራቁ ጫካ መጀመሪያ ነው። ቆጣሪዋ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትንፋሿን እንኳ አሳንሳ አዳመጠች። ከኋላዋ ባለ ዋሽንቱ ይሰማታል። ከፊት ለፊቷ ምንም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት። ምንም።

«ኧረ ይኼ ነገር ጆሮዬን በላው!» አለች እህቷ።

ቆጣሪዋ ዓይኗን ሳትገልጥ ጮኸችባት። «አበላሸሽው! አበላሸሽው አንቺ ሴት! እንደገና ከአንድ ልጀምር ነው!»

«ታዲያ እንዴት ብለሽ ነው በዚህ ጩኸት መሐል የምትቆጥሪው?»

«የምን ጩኸት?»

«ይኼ ነዋ! ሲይይይ፣ ሲይይይ የሚለው። እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ጥርሴን እያሳከከኝ ነው።»

«በዚህ ጉዳይ አትቀልጂብኝ» አለች ቆጣሪዋ፤ ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር። «በምንም ቀልጂ፣ በዚህ ግን አትቀልጂ።»

«ምን ቆርጦኝ ነው የምቀልደው? ያውልሽ! እዚያ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ያ ቁንጥር የሚያህለው! አፉን ከፍቶ ሲጮህ አይታይሽም?»

ቆጣሪዋ ዓይኗን ገለጠች። በዚህ ዛፍ ሥር፣ በቆጠራ ሰዓት፣ ዓይኗን ስትገልጥ በሃያ ሦስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ክር ሳቢ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ምንቃሩ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ ጉሮሮው ይርገበገባል፤ ትንሿ ጭራው ትንቀጠቀጣለች። ድምፅ የለም። ከእሱ ከፍ ብሎ ሌላ አለ፤ እሱም ምንቃሩ ተከፍቷል። ድምፅ የለም። ባለ ዋሽንቱ ብቻ ከኋላዋ ያፏጫል።

«ታሟል» አለች ቆጣሪዋ። «ድምፁ ተዘግቷል። ሁለቱም ታመዋል።»

እህቷ ዞር ብላ አየቻት። «እታለም» አለች፣ እጇን ያዝ አድርጋ፤ «እሱ አይደለም የታመመው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ተረቱ የተተረተው ለሐሜት ነው፤ በእሷ ላይ ግን ቃል በቃል ደረሰ። ጉቶ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ተነሳች። «አላምንም» አለች። «ወደ ሱቅሽ ውሰጂኝ።»

እህቷ ሱቅ ውስጥ እንደ ባርኔጣ ራስ ላይ የሚደፋ የፀጉር ማድረቂያ አለ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ቀጠን ያለ ፊሽካ ያሰማል። አምና እህቷ ዕቃ ልትገዛ ወጣ ስትል ቆጣሪዋ ደንበኛ እንድትጠብቅ ተቀምጣ፣ የሴትዮዋ ፀጉር ጢሱ እስኪወጣ ተጠብሶ ነበር። «ፊሽካው ተበላሽቷል» ብላ ድርቅ አለች። ጠጋኝ ተጠርቶ፣ ፈትቶ አይቶ ምንም እንዳልሆነ ሲናገር ጠጋኙን ሰደበችው። አሁን እህቷ የማድረቂያውን ሰዓት ሞላችና ሁለቱም ጠበቁ።

«ይኸው፣ አልጮኸም» አለች ቆጣሪዋ።

«እየጮኸ ነው፣ እታለም። አሁንም እየጮኸ ነው።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ማዳመጫ አድርጋላት ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን እንድታነሳ ነገረቻት። ቆጣሪዋ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ አነሳች። ከዚያ እጇ ጭኗ ላይ ተቀመጠና እዚያው ቀረ። ሐኪሟ በወረቀት አሳየቻት፤ መስመሩ ጥሩ መጥቶ መጥቶ፣ ቀጭን ድምፅ የሚባለው ጋ ሲደርስ ገደል ገባ። «በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፣ እናቴ። ስድስት ሰባት ዓመት ይሆነዋል። ሰው ሲያወራ ስለሚሰሙ አላወቁትም።»

«ይመለሳል?»

«አይመለስም። መሣሪያ ሊረዳዎት ይችላል፤ ይኼን ያህል ቀጭኑን ግን እርግጠኛ ሆኜ ቃል አልገባልዎትም።»

ቤቷ ገብታ የስድስቱን ዓመት መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። እስከዚያ ቀን ድረስ ወፎቹን በመጠናቸው፣ በጎጆአቸው፣ በሚበሉት ነገር ደርድራ ለምን እንደጠፉ ስትመረምር ኖራለች። አሁን በድምፃቸው ቅጥነት ደረደረቻቸው። መጀመሪያ የጠፋው ከሁሉ ቀጭኑ ነው፤ ቀጥሎ ቀጭን የሚባለው፤ ቀጥሎ ከእሱ ትንሽ ወፈር የሚለው። ባለ ዋሽንቱ አልቀነሰም። እርግብ አልቀነሰችም። ድመት ድምፅ እየመረጠ አይበላም። ጫካውን ለቆ የሄደ ወፍ የለም፤ ለቆ የሄደው የእሷ ጆሮ ነው።

እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ስለ ጆሮዋ ብቻ አልነበረም። ድመቱም፣ መሰንጠቂያ ቤቱም፣ ጠጋኙም ትዝ አሏት፤ በስንቱ ላይ ነው አፏን የከፈተችው! ከሁሉም በላይ ግን ያ ስምንት ገጽ አንገበገባት። ወፎቹ እዚያው ቁጭ ብለው እየዘፈኑ፣ እሷ ፊርማዋን አድርጋ «የሉም» ብላ ለመጥረቢያ አሳልፋ ሰጠቻቸው።

እህቷ ሻይ ይዛ መጣች። «ስሚኝ፣ መላ አለኝ» አለች። «'ተመልሰው መጡ' በይ። አለቀ! ማን ያውቃል? ስምሽም አይጠፋ፣ ጫካውም አይቆረጥ።»

ሐሳቡ ይጥማል፤ ቆጣሪዋ ለአፍታም ቢሆን አልተፈተነችም ብንል ውሸት ነው። ሻይዋን ግማሽ ድረስ እየጠጣች አሰበችበት። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ባለፈው ሳምንት ዜሮ፣ በዚህ ሳምንት ሠላሳ? የሚያምነኝ ቢገኝ እንኳ እኔ ራሴ በሚቀጥለው ዓመት ቆሜ ምን ልጽፍ ነው? አሁንም አልሰማ! በአንቺ ጆሮ እየሰማሁ ልፈርም ነው? አይሆንም። የተበላሸው ከሥሩ ነው፤ የሚስተካከለውም ከሥሩ ነው።»

«ከሥራ ያባርሩሻል።»

«ያባርሩኝ» አለች ቆጣሪዋ። «ወፎቹን ግን አያባርሯቸውም።»

ሐሙስ ስብሰባው አዳራሽ ገባች። ኃላፊው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ሁሉም ነገር ያለ ጭቅጭቅ እንዲያልቅ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ከጎናቸው የመንገድ ሥራ መሐንዲሱ ንድፉን ዘርግቷል፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው፣ ጸጥ ያለ ልጅ ነው። ቆጣሪዋ እስክትጠራ አልጠበቀችም። እግሯን እየጎተተች ሄዳ መዝገቦቹን ከንድፉ ላይ ከመረቻቸው።

«እኔ ደንቁሬአለሁ» አለች።

የሐኪሟን ወረቀት አውጥታ አስቀመጠች፤ ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች፤ ጠጋኙን መሳደቧን እንኳ አልተወችም። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ የስድስቱን ዓመት የክር ሳቢ ቁጥሮች እየገለጠች አንድ በአንድ ሰረዘች፤ ከእያንዳንዱ ሥር ፈረመች። በአርባ አንዱ ላይ ስትደርስ ብቻ ትንሽ ቆም አለች፤ ያኔ ስንቱን ሳትሰማ እንዳለፈች አታውቅምና እሱንም ሰረዘችው።

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድ ነሽ፣ ይኼን ልበልሽ። ነገር ግን ወረቀቱ ከእጃችን ወጥቷል እኮ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቁጥሩ ተሰረዘ ማለት ወፉ አለ ማለት አይደለም። ማን ሰማው?»

«እኔ ሰምቻለሁ!» አለች እህቷ ከበሩ ጋ።

«አንቺማ እህቷ ነሽ። የእህት ምስክርነት ተቀብዬ በሕግ የተከለለ ቦታ ላይ ውሳኔ ልስጥ?»

መሐንዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ቢቆጥርስ?»

«በሚቀጥለው ዓመት ዛፉ የለማ» አለች ቆጣሪዋ። «ቆረጣውን እስከዚያ የምታዘገዩት ከሆነ ደግሞ እሱን ጻፉልኝ።» ማንም ብዕሩን አላነሳም። «እንግዲያው ነገ ጠዋት እናንተ ኑ። የሚዘፍኑት ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ቢሰበሰብ አንድ አይሰማም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጫካው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሁለቱንም እዚያው ቆመን እናያለን።»

ኃላፊው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «አንድ ቀን ጠዋት። አንድ ቀን ብቻ። እህትሽም መኪናው ውስጥ ትቆይልኝ፤ በጥቅሻ እንዳትቆጥርልን።»

ዓርብ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ሦስቱ በሰባተኛው ዛፍ ሥር ቆሙ። ቆጣሪዋ አሥሩን ደቂቃ አስጀመረች፤ ዓይኗን አልጨፈነችም። ማክሰኞ ያየችው ክር ሳቢ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ መጣ። ምንቃሩ ተዘግቷል፤ ከግራና ከቀኝ አረንጓዴ ትል ተንጠልጥሎበታል። ጫጩት ፈልፍሏል! አፉ ሥራ ይዟል። ሌሎቹስ? ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሚፈለፍሉት፤ ሁሉም ዝም ብለው ከሆነስ? ከቅጠሉ መሐል ሌላ አየች፤ ምንቃሩ የተከፈተ መሰላት፤ ጭጋግ ሸፈነው። ያ ሁሉ የዘፈን ወርና ያ ሁሉ የዝምታ ወር፣ ሃያ ሦስት ዓመት ለይታ የኖረችው፣ አሁን በእሷ ጆሮ አንድ ነው። መፍራት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀችው።

አሥሩ ደቂቃ አለቀ። ኃላፊው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ያ የሚያፏጨውን ሰምቻለሁ። እርግብም ሰምቻለሁ። ሲይይይ የሚል ነገር ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አልሰማሁም።»

«እርስዎም እንደኔ ነዎት» አለች ቆጣሪዋ።

«እንዴት ማለት?»

«ወደ ስድሳ መጠጋት ማለት ነዋ! ሐኪሟ ጋ እልክዎታለሁ።»

ኃላፊው ሊቆጡ ጀምረው ጆሮአቸውን ነካ አደረጉና ተዉት። ከዚያ ሁለቱም ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። መሐንዲሱ መሬት መሬት ያያል። በዚያ ቦታ የሚሰማ ጆሮ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ መንገዱም የእሱ ነው። «የለም» ቢል ማን ሊያውቅበት? ኃላፊው አያውቁም። እሷም አታውቅም። እህቷ ብትጮህ የሚሰማት የለም። ቆጣሪዋ ልትለምነው አፏ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። መዝገቡንና እስክሪብቶውን ዘረጋችለት።

«የሰማኸውን ጻፍ፣ ልጄ። ዜሮም ከሆነ ዜሮ ጻፍ። ብቻ ፈርምበት።»

መሐንዲሱ መዝገቡን ተቀበለ። ትናንት በቀይ የተሰረዙት ቁጥሮች ያሉበትን ገጽ አየው፤ ገጹን ገለጠ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጻፈ።

«ዘጠኝ» አለ። «እዚያ በሩቅ ያለው ሁለት ከሆነ ደግሞ ምናልባት አሥር...»

«ምናልባት አይጻፍም» አለች ቆጣሪዋ። ዘጠኝ! ከራሷ በላይ ዘጠኝ ወፍ ሲዘፍን ቆይቶ አንዱም ለእሷ አልደረሳትም። እንባዋ ወረደ፤ አልደበቀችውም። ደስታውም ሐዘኑም እኩል ነበር፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አልፈለገችም።

«ሁለት ዓመት የደከምኩበት ንድፍ ነው፣ እትዬ» አለ መሐንዲሱ፣ ፊርማውን እየጨረሰ።

«አውቃለሁ። እኔም ትናንት የሰረዝኩት ስድስት ዓመቴን ነው።»

ኃላፊው ባርኔጣቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ። «እንግዲህ መንገዱ ከጫካው ውጭ ባለው ድንጋይ ማውጫ ዞሮ ይሂዳ። የተከለለው ጫካ አይነካም፤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ግን... ከዛሬ በኋላ ቆጠራው ላይ...»

«ከዛሬ በኋላ» አለች ቆጣሪዋ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፤ «ዛሬ ግን ገና አምስት ዛፍ ይቀራል፤ ፀሐይዋም እየወጣች ነው።»

መሐንዲሱን ክንዱን ይዛ እያነከሰች ወደ ስምንተኛው ዛፍ ወሰደችው።